ከፀጉር የተጎነጎነ ጫማ

በ1998 (እ.ኤ.አ.) በደቡብ ኮርያዋ የአንዶንግ ከተማ፣ ለመኖሪያ ቤቶች ሥራ ሲባል የቆዩ መቃብሮች ይነሡ ነበር። አንዱ ሲከፈት በ1586 በወጣትነቱ ያረፈው የዪ ኡንግቴ አስከሬን ሳይፈርስ ተገኘ። ደረቱ ላይ ሚስቱ የጻፈችው ደብዳቤ፣ ከራስጌው ደግሞ በወረቀት የተጠቀለለ ጥንድ ጫማ ነበር። የጫማው ቃጫ ከሰው ፀጉር ጋር አብሮ ተገምዷል።

ለመሆኑ ፀጉር ከጫማ ምን አገናኘው? ለዚህ የኮርያን ጫማ ማወቅ ያሻል። ገበሬው የሚጫማው ከሩዝ ገለባ የተሠራውን «ጂፕሺን» ነበር። ግራና ቀኝ የለውም፤ ገለባው ከአዝመራ የተረፈ ነው፤ በብርዱ ወራት የእርሻ ሥራ ሲቀዘቅዝ እቤት ቁጭ ብሎ መጎንጎን ነው። ክፋቱ ቶሎ ያልቃል። ስለዚህም ሩቅ አገር የሚሄድ መንገደኛ ከጓዙ ጋር ትርፍ ጫማዎች ያንጠለጥል ነበር። «ሚቱሪ» የሚባለው ከቃጫ ስለሚሠራ ጠንከርም አማርም ይላል። ለዝናብና ለጭቃ ከእንጨት ተፈልፍሎ የሚሠራ፣ ከሥሩ ሁለት እግር ያለው ከፍ ያለ ጫማ ነበር። መኳንንቱማ ቆዳና ሐር ነበራቸው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ከሐሩ ይልቅ ይህ አላቂው ጫማ ብዙ ያወራል።

የመቃብሩ ጫማ ሚቱሪ ነው። የራስን ፀጉር ቆርጦ በጫማ መጎንጎን የፍቅር መግለጫ፣ ሕመምተኛው ድኖ በእግሩ እንዲሄድ የመመኘትም ምልክት ነበር። ከመጠቅለያው ወረቀት ላይ ሊነበብ ከቻለው ጥቂት ጽሑፍ እንደምንረዳው ግን ሰውየው ሳይጫማው ሞቷል። ሊቃውንቱ በቻይና ፊደል በሚጽፉበት በዚያ ዘመን ሚስትየው ደብዳቤዋን የጻፈችው በኮርያ ፊደል በሃንጉል ነው። ፀጉራችን እስኪሸብት አብረን እንኖራለን ብለን አልነበረም ወይ እያለች ትወቅሰዋለች፤ በሆዷ ያለው ልጅ ማንን አባት ይበል ስትል ትጠይቃለች፤ በሕልሟ መጥቶ እንዲመልስላት ትማጸናለች። ወረቀቱ ሲያልቅባት በኅዳጉ ላይ ቀጥላለች።

ገለባውን ያስለቀቀው ጎማ ነው። ኮርያ በጃፓን ቅኝ አገዛዝ ሥር ሳለች፣ በ1920ዎቹ፣ ውኃ የማያስገባው «ጎሙሺን» ገበያ ወጣ። በ1922 አንድ ፋብሪካ ባወጣው ማስታወቂያ፣ ዙፋናቸውን ያጡት ንጉሥ ሱንጆንግ እንኳ የእኔን ጫማ ተጫምተዋል ሲል ፎክሯል።

ጎማውም በተራው ለስፖርት ጫማ ቦታ ሲለቅ በንግግር ውስጥ ቀረ። ኮርያውያን ወታደር ቤት የገባ ወዳጇን ትታ የሄደችን ልጅ «የጎማ ጫማዋን ገልብጣ ተጫማች» ይሏታል።