አይዛክ ባት፦ ከችሎት ወደ ፓርላማ ያቀናው አየርላንዳዊ ጠበቃ

የአየርላንድን የራስ አስተዳደር ጥያቄ በተደራጀ የምክር ቤት አባላት ኃይል ለብሪታንያ ፓርላማ ያቀረበው አይዛክ ባት፣ በወጣትነቱ የዚህ ዓይነት ጥያቄ ጽኑ ተቃዋሚ ነበር።

ባት በ1813 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዶኔጋል ውስጥ ከፕሮቴስታንት ቄስ ቤተሰብ ተወለደ። በደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ተምሮ፣ ገና በ20ዎቹ ዕድሜው ሳለ በዚያው የምጣኔ ሀብት ፕሮፌሰር ሆነ፤ በ1838 ደግሞ ጥብቅና ጀመረ። በአመለካከቱ ወግ አጥባቂ ነበር። ዳንኤል ኦኮነል አየርላንድን ከብሪታንያ ጋር ያዋሐደው ሕግ እንዲሻር በ1843 በደብሊን ከተማ ምክር ቤት ሲሟገት፣ በተቃራኒው ወገን ቆሞ የተከራከረው ባት ነው።

ይህን እምነቱን ያናጋው በ1845 የጀመረው ታላቅ ረሀብ ነበር። አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ባለቀበት በዚያ መከራ፣ ለንደን የእርዳታውን ወጪ በአብዛኛው በአየርላንድ ላይ ጣለች። ባት በ1847 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሁለቱ አገሮች በእርግጥ አንድ ከሆኑ የአንዱ ረሀብ የሁሉም ሸክም ሊሆን ይገባል ሲል ሞገተ።

ችሎትም የራሱን ትምህርት ሰጠው። በ1848 ለዓመፀኞቹ ዊልያም ስሚዝ ኦብራየንና ቶማስ ሜገር፣ ከ1865 በኋላ ደግሞ ለፌኒያን ንቅናቄ እስረኞች ጥብቅና ቆመ። የትጥቅ መንገዳቸውን ባይቀበልም፣ ለፍርድ የቀረቡት ሰዎች ቅንነት በጥልቅ ነካው። ብዙ ገቢ የሚያስገኙ ጉዳዮችን ወደ ጎን በማለቱ፣ በገንዘብ አያያዙም ደካማ ስለነበር፣ በዕዳ እስከ መታሰር ደረሰ።

በ1870 የራስ አስተዳደር ማኅበር መሠረተ፤ በ1871 ከሊመሪክ ተመርጦ ቀደም ሲል ለዓመታት ወደተቀመጠበት ፓርላማ ተመለሰ። ዕቅዱ መገንጠል አልነበረም፦ አየርላንድ የውስጥ ጉዳይዋን በራሷ ምክር ቤት ትምራ፣ መከላከያና የውጭ ጉዳይ ግን በለንደን ይቆይ የሚል ነበር። በ1874 ምርጫ ደጋፊዎቹ ከአየርላንድ መቀመጫዎች ከግማሽ በላይ አሸነፉ።

ይሁንና ባት ፓርላማውን እንደ ችሎት ነበር የሚያየው፤ በቂ ማስረጃ በጨዋነት ከቀረበ ፍርድ ይገኛል ብሎ ያምን ነበር። ፍርዱ ግን አልመጣም። ጆሴፍ ቢገርና ወጣቱ ቻርልስ ፓርኔል ሌሊቱን ሙሉ በሚዘልቅ ንግግር የምክር ቤቱን ሥራ ማደናቀፍ ሲጀምሩ ባት በይፋ አወገዛቸው፤ ሕዝቡ ግን ወደ እነርሱ አዘነበለ። በ1877 በብሪታንያ የሚኖሩ አየርላንዳውያን ማኅበር የፕሬዚዳንትነቱን ሥልጣን ከባት ወስዶ ለፓርኔል ሰጠ።

ባት በግንቦት 1879 አረፈ፤ የተቀበረውም በትውልድ አውራጃው ዶኔጋል፣ ስትራኖርላር ነው። የመጀመሪያው የአየርላንድ የራስ አስተዳደር ረቂቅ ሕግ በጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስተን ለፓርላማ የቀረበው ከሰባት ዓመት በኋላ ነበር፤ እርሱም ውድቅ ሆነ።