ፀሐይ በሚበዛበት የደጃፍ መደብ ላይ ድርቅን የሚቋቋሙ ዕፅዋት አተካከል

አዲስ አበባ ዋናውን ዝናብ የምታገኘው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በበጋ ወራት፣ እንደ በርበሬ በረንዳ ባሉ ጥቅጥቅ ያሉ የመርካቶ መንደሮች፣ ቆርቆሮና ሲሚንቶ የፀሐይን ሙቀት ስለሚያባብሱ የደጃፍ መደብ ፈጥኖ ይደርቃል። ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ቤት ለመጠጥ የተቀዳን ውሃ ለአበባ ማዋል ስለማያዋጣ፣ ነዋሪዎች መደባቸውን በሚከተለው አኳኋን እንደገና ማዘጋጀት ይችላሉ።

የዕፅዋት መረጣ፦ እሬት፣ ጦስኝ፣ የጥብስ ቅጠልና ጤና አዳም ፀሐይ ይወዳሉ፤ ሥር ከሰደዱ በኋላም በጥቂት ውሃ ይኖራሉ። ከእሬት በስተቀር ሌሎቹ ለጓዳም ያገለግላሉ። የጤና አዳም ጭማቂ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ሊቃጠል ስለሚችል፣ ሲቆረጥ ጓንት ማድረግ ይገባል። የቁልቋል ወተት ዓይንን ስለሚጎዳ ሕፃናት በሚጫወቱበት ደጃፍ ቁልቋል አይተከልም።

የአፈር ዝግጅት፦ እነዚህን ዕፅዋት ከበጋው ድርቅ ይልቅ በክረምት የሚቋጠር ውሃ ይጎዳቸዋል፤ ሥራቸው ይበሰብሳል። ስለሆነም አፈሩ ከብስባሽ ጋር ተደባልቆ መደቡ ከመሬት ከፍ ተደርጎ ይሠራል።

ተከላና ውሃ ማጠጣት፦ ተከላው በክረምት መግቢያ ይከናወናል። ዝናቡ ሲያበቃ ግንዱን ሳይነካ የደረቀ ሣር ይጎዘጎዛል። በመጀመሪያው በጋ ማለዳ ላይ፣ አፈሩ ሲደርቅ ብቻ፣ እስከ ሥሩ እንዲዘልቅ ይጠጣል። አትክልት የታጠበበት ውሃ ይበቃል፤ በረኪና ያለበት ግን አይፈስበትም።

ጥንቃቄ፦ ከይዞታ ወሰን ውጭ ያለ የመንገድ ዳር ወይም የፍሳሽ መስመር ጠርዝ ከመቆፈሩ በፊት የወረዳውን አስተዳደር መጠየቅ ያስፈልጋል።