ግድግዳ ለግድግዳ ያበደረው ብርሃን

አንዲት መስኮት ብቻ ባላት ክፍል ውስጥ፣ ፀሐይ በገባችበት ሰዓት ቆሞ ዙሪያውን ያስተዋለ ሰው አንድ ነገር ሊገርመው ይገባል። ፀሐይዋ የነካችው ከመስኮቱ ሥር ያለውን ወለል ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ኮርኒሱም ይታያል፤ ከአልጋው ጀርባ ያለው ጥግም ይታያል። ፀሐይ ያልደረሰችበትን ማን አበራው? ወለሉ ለግድግዳው፣ ግድግዳው ለኮርኒሱ፣ ኮርኒሱም መልሶ ለወለሉ ይሰጠዋል፤ ድሮ ጎረቤት ከጎረቤት እሳት ይጭር እንደነበረው ማለት ነው። ይህን ሕፃን እንኳ የሚያየውን ነገር ለኮምፒውተር ማስተማር ግን ብዙ ዓመታት ፈጅቷል። ገና ያልተሠራ ቤት ውስጡ ምን እንደሚመስል በሥዕል የሚያሳዩን ፕሮግራሞች ታሪክ፣ በእኔ አስተያየት፣ የዚህ ብድር የሒሳብ መዝገብ ታሪክ ነው።

መዝገቡ የተከፈተው ኮምፒውተር ከመፈጠሩ እጅግ ቀደም ብሎ ነው። የልብስ ሰፊ ልጅ የነበረው ዮሐን ሃይንሪኽ ላምበርት «ፎቶሜትሪያ» የተሰኘውን መጽሐፉን በላቲን ቋንቋ ያሳተመው በ1760 ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የብርሃን መለኪያ መሣሪያ ባልነበረበት ዘመን ላምበርት የራሱን ዓይን ሚዛን አድርጎ፣ ብርሃን በአንድ ገጽ ላይ ቀጥ ብሎ ሲያርፍና ጋደል ብሎ ሲያርፍ ያለውን ልዩነት በሕግ አሰፈረ። አንድ ገጽ ከተቀበለው ብርሃን ስንት እጁን እንደሚመልስ የሚገልጸውን «አልቤዶ» የሚለውን ቃል ወደ ሳይንሱ ያስገባውም እርሱ ነው፤ ፍቺው «ንጣት» ነው።

የዚህን ቃል ክብደት ለመረዳት ጥቂት ማባዛት ይበቃል። በኖራ የነጣ ግድግዳ ከተቀበለው ብርሃን ከመቶ 80 እጁን ይመልሳል እንበል። ብርሃኑ ሦስት ጊዜ ከግድግዳ ግድግዳ ከነጠረ በኋላ ግማሽ ያህሉ ይተርፋል። ጥቀርሻ የጠጣው ግድግዳ ከመቶ 20 እጁን ብቻ ቢመልስ ግን፣ ከሦስት ንጥረት በኋላ የሚተርፈው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። የሁለቱ ቤቶች መስኮት እኩል ሊሆን ይችላል፤ አንደኛው ይበራል፣ ሌላኛው ይጨልማል።

የመጀመሪያዎቹ የኮምፒውተር ሥዕሎች ይህን ብድር አያውቁትም ነበር። የሚያሰሉት ከመብራቱ በቀጥታ የመጣውን ብርሃን ብቻ ነው። የቀረው ቦታ ጥቁር ሆኖ እንዳይቀር፣ በሁሉም ገጽ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ይደመርበት ነበር፤ የአልጋ ሥርም ሆነ የመስኮት አፍ እኩል ይደርሳቸዋል። እኛ የባንክ ሠራተኞች ይህን ዓይነቱን ነገር እናውቀዋለን፤ ሒሳቡ አልዘጋ ሲል ጉድለቱን ለመሙላት ከየትም የሚመጣ ቁጥር ነው። በ1980 በቤል ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ተርነር ዊትድ ጨረርን ከዓይን አስነሥቶ ወደ መጣበት መልሶ የመከተልን ዘዴ አራቀቀው። የመስተዋት ሉል፣ በሉሉ ውስጥ የሚታይ የዳማ ወለል፣ የነጸብራቅ ነጸብራቅ ሁሉ ተሣለ። አንዱን ሥዕል ለመጨረስ ኮምፒውተሩ ከአንድ ሰዓት በላይ ይደክም ነበር። ነገር ግን የማያብረቀርቀው ተራው ግድግዳ፣ አብዛኛው ቤታችን የተሠራበት ማለት ነው፣ አሁንም በዚያ በፈጠራ ቁጥር ይኖር ነበር።

መፍትሔው የመጣው ብዙዎች ካልጠበቁት ሙያ ነው። ሙቀት በምድጃ ግድግዳዎች መካከል እንዴት እንደሚተላለፍ የሚያጠኑ መሐንዲሶች፣ እያንዳንዱ ገጽ ከሌላው የሚቀበለውንና ለሌላው የሚሰጠውን የሚያሰሉበት ዘዴ ነበራቸው። በ1984 በአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ጎራል፣ ቶራንስ፣ ግሪንበርግና ባተይል ይህንን ዘዴ ከሙቀት ወደ ብርሃን አሻገሩት። ግድግዳውን በትናንሽ ቁራጮች ከፋፍለው፣ የእያንዳንዱን ቁራጭ ገቢና ወጪ በአንድነት አሰሉ። ለማሳያ የመረጡት አንድ ባዶ ሣጥን ነበር፤ አንዱ ግድግዳው ቀይ፣ ሌላው ሰማያዊ፣ የቀረው ነጭ። በሥዕሉ ላይ ነጩ ወለል በቀዩ ግድግዳ አጠገብ ቀላ ብሎ ታየ። ማንም ቀይ አልቀባውም፤ ከጎረቤቱ ተበድሮ ነው። በ1986 ደግሞ እዚያው ኮርኔል እውነተኛ ሣጥን ተሠርቶ ከተሰላው ሥዕል ጎን ለጎን ለተመልካቾች ቀረበ። የትኛው እውነተኛው እንደሆነ ሲጠየቁ፣ በግምት ከሚመልስ ሰው የተሻለ ሊለዩ አልቻሉም።

በዚያው ዓመት ጄምስ ካጂያ ሁሉንም የብርሃን ምልልስ በአንድ ቀመር ጠቀለለው፤ ጨረሮችንም በዕጣ እየበተኑ ማስላት እንደሚቻል አሳየ። ለቤት ውስጥ ግን ይህ አድካሚ ነው። ከዓይን የተነሣ ጨረር ጠባቧን መስኮት የሚያገኘው በስንት አንዴ ነው፤ ሳያገኛት ሲቀርም ሥዕሉ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። በ1988 በሎውረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪ ግሪጎሪ ዋርድና ባልደረቦቹ አንድ ብልሃት አቀረቡ። በተራ ግድግዳ ላይ ተመላላሹ ብርሃን የሚለወጠው በዝግታ ስለሆነ፣ በጥቂት ነጥቦች ላይ በጥንቃቄ አስልቶ በመካከል ያለውን ከእነርሱ መገመት ይበቃል። «ራዲያንስ» የተባለው የዋርድ ፕሮግራም የተሠራው ለማስጌጥ አልነበረም። ቤቱ ከመገንባቱ በፊት በጠረጴዛው ላይ ምን ያህል ብርሃን እንደሚያርፍ ለመለካት ነው። ቆይቶም በ2002 ከቡልጋሪያዋ ሶፊያ የወጣው «ቪ ሬይ» ይህን ዕውቀት በየአርክቴክቱ ጠረጴዛ ላይ አደረሰው።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው የሚል ቢኖር፣ የቤት ብድር የሚጠይቁ ሰዎች ከሰነዶቻቸው ጋር ይዘዋቸው የሚመጡትን ሥዕሎች ይመልከት። የቤቱ መሠረት ገና አልወጣም፤ ሳሎኑ ግን በወርቃማ ብርሃን ተጥለቅልቋል። በዚያ ብርሃን ላይ ነው የረጅም ዓመት ዕዳ የሚፈረመው። ፕሮግራሙ በትክክል ማስላቱ ሥዕሉ እውነተኛ ነው ማለት አይደለም። በቤቱ ውስጥ የማይኖር መብራት ከተመልካቹ ጀርባ መስቀል፣ የፊት ለፊቱን ፎቅ ሳይሥሉ ማለፍ ቀላል ነው። ስሕተት ሳይታሰብም ይገባል። በአውሮፓ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ናት። በ9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ባለችው አዲስ አበባ ግን፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ሃያዎቹ ድረስ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ በታኅሣሥ ደግሞ ወደ ደቡብ። ቦታውንና ቀኑን ለፕሮግራሙ ያልነገረ ሰው፣ በዚያ ሳሎን በዚያ ሰዓት ፈጽሞ የማትገባ ፀሐይ ያስገባል።

ሊቃውንቱ ከሒሳቡ ለማስወጣት የደከሙበትን የፈጠራ ቁጥር እኛ በእጃችን መልሰን ብናስገባው ያሳዝናል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሥዕል የቀረበለት ሰው ሦስት ነገር ቢጠይቅ እመክራለሁ። ይህ ብርሃን የየትኛው ቀን፣ የስንት ሰዓት ነው? መስኮቱ ወዴት ያያል? ፊት ለፊቱስ ምን ሊሠራ ታስቧል? ሥዕሉን ያዘጋጀው ሰው ለእነዚህ መልስ ከሌለው፣ ሥዕሉ ያማረ ሊሆን ይችላል፤ ቤቱን ግን አያውቀውም።