መደርደሪያው የማን ነው? በኢንተርኔት ፊልም የመከራየት ታሪክ

ቅዳሜ ማታ ሰንበት ከወጣ በኋላ በብዙ ቤት የሚነሳ ጥያቄ አለ፦ ምን እንይ? የወሩ የክሬዲት ካርድ ሂሳብ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይከተላል፦ ለየትኛው ነው የምንከፍለው? ልጆች አንዱን ይመርጣሉ፣ ወላጆች «እኔ እንኳ ከዚህ ውስጥ የማየው የለኝም» ይላሉ፣ በመጨረሻም ሁለትና ሦስት አገልግሎት በየወሩ ገንዘብ ሲወስድ ማንም ልብ አይለውም። ጥያቄውን እኛ የጀመርነው ይመስለናል እንጂ አሜሪካኖች ከሀያ ዓመት በፊት ተጨቃጭቀውበታል። ያኔ ፊልሙ በኢንተርኔት ይታዘዛል፣ በፖስታ ቤት ይመጣል። ታሪኩን ስናገላብጥ የገረመን ነገር ሰዎቹ የተከራከሩት ስለ ዋጋ ሲሆን ያጡት ግን ሌላ ነገር መሆኑ ነው። (እዚህ የምንጽፋቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ወላጆቻችን ቪዲዮ ቤት ያውቃሉ። ካሴቱን ተከራይቶ፣ ቤት ወስዶ፣ አይቶ መመለስ ነው። አሜሪካ ውስጥ የዚህ ንግድ ንጉሥ ብሎክበስተር የሚባል ድርጅት ነበር። የመጀመሪያ ሱቁን በ1985 ዳላስ ከተማ ከፈተ፤ በ2004 ገደማ ከ9,000 በላይ ሱቆች ነበሩት። ኪራዩ ብዙም አይከብድም፤ የሚከብደው ቅጣቱ ነበር። በቀኑ ያልመለሰ ሰው ይጨምራል። በ2000 ብቻ ድርጅቱ ከቅጣት የሰበሰበው ወደ 800 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋል። እንግዲህ አስቡት፤ ደንበኛው በረሳ ቁጥር ሱቁ ያተርፋል ማለት ነው።

በ1997 ሪድ ሄስቲንግስና ማርክ ራንዶልፍ የተባሉ ሁለት ሰዎች ካሊፎርኒያ ውስጥ ስኮትስ ቫሊ በምትባል ትንሽ ከተማ ኔትፍሊክስን አቋቋሙ። በዚያው ዓመት ዲቪዲ አሜሪካ ገበያ ገብቶ ነበር። የቪዲዮ ካሴት ወፍራምና ከባድ ስለሆነ በፖስታ ልላከው ቢባል ወጪው ትርፉን ይበላዋል። ዲስክ ግን ስስና ቀላል ነው። ሁለቱ ሰዎች ሐሳቡን የሞከሩት እንዲህ ነው፦ አንድ የሙዚቃ ሲዲ ገዝተው፣ በተራ ኤንቨሎፕ አሽገው ወደ ሄስቲንግስ ቤት ላኩት። ሳይሰበር ደረሰ። የአንድ ደብዳቤ ቴምብር ያኔ 32 ሳንቲም ነበር፤ ንግዱ በሙሉ የቆመው በዚህች ቴምብር ላይ ነው ማለት ይቻላል። በአፕሪል 1998 ሥራ ሲጀምሩ 925 ፊልም ነበራቸው። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ያኔ በዲቪዲ የወጣው ፊልም ራሱ ገና ጥቂት ነበር።

ስለ አመሠራረቱ ደግሞ አንድ ተረት አለ። ሄስቲንግስ «አፖሎ 13» የተባለውን ፊልም አዘግይቶ 40 ዶላር ስለተቀጣ ተናዶ ነው ይባላል። ራንዶልፍ ራሱ በኋላ እንደተናገረው ግን ነገሩ ሐሳቡን ለማስረዳት ስለሚመች የሚወራ ነው እንጂ ድርጅቱ የተወለደው በዚህ አይደለም። ጥሩ ወሬ ከእውነቱ ፈጥኖ ይሮጣልና እስከ ዛሬ ይደጋገማል።

መጀመሪያ ኪራዩ እንደ ቪዲዮ ቤት በየፊልሙ ነበር፤ ብዙም አልሄደላቸውም። በ1999 ወርሃዊ ክፍያ ጀመሩ፣ በ2000 ደግሞ ገደቡን አነሱት። በወር 20 ዶላር ገደማ ተከፍሎ ቅጣትም የለም፣ የመመለሻ ቀንም የለም። ደንበኛው የሚፈልጋቸውን ፊልሞች በተራ ይጽፋል፣ ጥቂት ዲስክ ቤቱ ይደርሰዋል፣ አንዱን ሲመልስ ከዝርዝሩ ቀጣዩ ይላክለታል። በዚያው ዓመት የኔትፍሊክስ ሰዎች ዳላስ ድረስ ሄደው ድርጅታቸውን በ50 ሚሊዮን ዶላር እንዲገዛቸው ብሎክበስተርን ጠየቁ። እምቢ አላቸው።

የመምረጥ ጣጣ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ2003 ትልቁ ሱቅ ዋልማርት በዚሁ ንግድ ገባ፤ በኦገስት 2004 ብሎክበስተርም ተከተለ። ዋጋው እንደ ገበያ ሽንኩርት ሲወጣና ሲወርድ ከረመ። ኔትፍሊክስ በ2004 አጋማሽ ወደ 21.99 ዶላር ጨምሮ፣ ዓመቱ ሳያልቅ ወደ 17.99 ወረደ። ብሎክበስተር በ19.99 ጀምሮ ወደ 17.49፣ ቀጥሎም ወደ 14.99 ቀነሰ። ዋልማርት በ2005 ሰለቸውና ደንበኞቹን ለኔትፍሊክስ አስረክቦ ወጣ።

ነገሩ የገባው ደንበኛ ግን በወር የሚከፈለውን ብቻ አያይም ነበር። የዲስክ ማከፋፈያው መጋዘን ከከተማዬ ምን ያህል ይርቃል ብሎ ይጠይቃል። ሒሳቡን እንሥራው። በ18 ዶላር ሦስት ዲስክ የሚይዝ ሰው፣ አንዱ ዲስክ ሄዶ ሌላው እስኪመጣ ከማያው ጋር አንድ ሳምንት ቢፈጅ፣ በወር 12 ፊልም ያያል፤ አንዱ 1.50 ዶላር ወጣ ማለት ነው። ሁለት ሳምንት ቢፈጅ ዋጋው እጥፍ ይሆናል። ሦስቱን ዲስክ ቴሌቪዥን ላይ አስቀምጦ ወሩን ሙሉ የረሳቸው ደግሞ ለአንዱ 6 ዶላር ከፈለ። ቅጣቱ ቀርቷል፤ መርሳት ግን አሁንም ያስከፍላል። ዛሬ ሳናያቸው በየወሩ ለምንከፍላቸው አገልግሎቶችም ሒሳቡ ያው ነው።

ማስታወቂያውም መነበብ ነበረበት። በ2004 አንድ የሳንፍራንሲስኮ ደንበኛ ኔትፍሊክስን ከሰሰ። «ያለ ገደብ» እያለ ብዙ የሚከራየውን ሰው ሆን ብሎ ያዘገያል የሚል ክስ ነው። ድርጅቱ ጥፋት አላምንም ብሎ በስምምነት ጨረሰ፤ በውሉ ላይ ግን ጥቂት ለሚከራዩ ቅድሚያ እንደሚሰጥ ጻፈ። ብሎክበስተር በበኩሉ በ2005 መጀመሪያ «ቅጣት ቀረ» ብሎ አወጀ። ደንበኛው ፊልሙን ከቀኑ ከአንድ ሳምንት በላይ ካቆየው ግን እንደ ገዛው ተቆጥሮ ሙሉ ዋጋውን ይጠየቃል። የ47 ግዛቶች ዐቃብያነ ሕግ ማስታወቂያው ሰው ያሳስታል ብለው ተነሡበት፤ ድርጅቱም ተስማምቶ ገንዘብ ከፈለ።

በእኛ ግምት ለደንበኛ ከሁሉም የተሻለው አማራጭ በ2006 መጨረሻ ብሎክበስተር ያመጣው ነው። በፖስታ የመጣልህን ዲስክ ሰፈርህ ያለው ሱቅ ወስደህ ትሰጣለህ፣ እዚያው ሌላ ፊልም በነጻ ይዘህ ትመለሳለህ። ኔትፍሊክስ ደንጋጭ ሆነ፤ በ2007 ለመጀመሪያ ጊዜ የደንበኞቹ ቁጥር ቀነሰ። ነገር ግን እያንዳንዱ ልውውጥ ብሎክበስተርን ገንዘብ ያስወጣው ነበር። አለቃው ተቀየረ፣ ዋጋው ተጨመረ፣ ደንበኛው ሸሸ። በሴፕቴምበር 2010 ድርጅቱ ኪሳራውን ለፍርድ ቤት አሳወቀ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ ይኸውም ሕጉ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1908 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አንድ ነገር ወስኖ ነበር፦ መጽሐፍ በሕጋዊ መንገድ የገዛ ሰው በፈለገው ዋጋ መልሶ ቢሸጠው አሳታሚው ሊከለክለው አይችልም። መርሁ በኋላ በሕግ ተጻፈ፣ ለፊልም ዲስክም ሠራ። ስለዚህ ኔትፍሊክስ ዲስኩን ከገዛ በኋላ ለማከራየት የማንንም ፈቃድ አይለምንም። አሮጌ ይሁን አዲስ፣ የትልቅ ስቱዲዮ ይሁን የትንሽ፣ በዲስክ ከወጣ መደርደሪያው ላይ ሊቀመጥ ይችላል።

በጃንዋሪ 2007 ፊልሙን በቀጥታ በኢንተርኔት ማሳየት፣ ዛሬ ስትሪሚንግ የምንለው፣ ሲጀመር ይህ ሕግ አልተከተለም። ዲስክ የለማ! እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ከባለቤቱ ጋር የሚደረግ ውል ነው፤ ውል ደግሞ ዋጋም ቀንም አለው። በዚያን ጊዜ በዲስክ 70,000 ያህል ፊልም ሲኖር በቀጥታ የሚታየው 1,000 ገደማ ብቻ ነበር። በ2008 ስታርዝ ከተባለ የቴሌቪዥን ድርጅት ጋር በተደረገ ውል ብዙ የታወቁ ፊልሞች ገቡ፤ በፌብሩዋሪ 2012 ውሉ ሲያበቃ ከገጹ ላይ ወረዱ። ቪዲዮ ቤት እያለ መደርደሪያ በአንድ ሌሊት ባዶ የሚሆነው እሳት ሲነሳ ነበር።

በ2011 ኔትፍሊክስ የዲስኩንና የስትሪሚንጉን ክፍያ ለያየ። ሁለቱንም ለሚፈልግ ሰው ዋጋው እስከ 60 በመቶ ጨመረ፤ በሦስት ወር ውስጥ 800,000 ያህል ደንበኛ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ግን ሕዝቡ ቀስ በቀስ ወደ ስትሪሚንጉ ሄደ፤ ስለሚቀልና ፖስተኛ መጠበቅ ስለሌለበት። ይህን አንነቅፍም፣ እኛም ብንሆን ያንኑ እናደርግ ነበር። የመጨረሻው ዲስክ የተላከው ሴፕቴምበር 29 ቀን 2023 ነው፤ ደንበኞች እጃቸው ላይ የቀረውን እንዲያስቀሩት ተፈቀደላቸው።

የፖስታው አገልግሎት ከአሜሪካ ውጭ አልወጣም። ወደ እኛ የመጣው ስትሪሚንጉ ብቻ ነው፤ በጃንዋሪ 2016 ኔትፍሊክስ በአንድ ቀን ከ130 በላይ አገሮች ሲገባ እስራኤልም ኢትዮጵያም ከመካከላቸው ነበሩ። ስለዚህ ሰፊውን መደርደሪያ ሳናየው ጠባቡን ተለማመድን።

ይህ ለእኛ ምን ያህል እንደሚነካን በአንድ ፊልም ማየት ይቻላል። የጎንደሩ ልጅ ኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ» የተባለውን ፊልሙን በ1993 በርሊን ፌስቲቫል ላይ አሳየ። አሜሪካ ውስጥ የሚያከፋፍልለት ድርጅት አጣ። እሱና ባለቤቱ ሺሪክያና አይና ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ከከተማ ከተማ ራሳቸው አሳዩት፤ በ1990ዎቹ መጨረሻም ዋሽንግተን ውስጥ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ በፊልሙ ስም የቪዲዮና የመጻሕፍት ሱቅ ከፈቱ። ፊልሙ ኔትፍሊክስ ላይ የወጣው በሴፕቴምበር 2021 ነው፤ ከ28 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ፊልሙን የያዘው የባለቤቶቹ የራሳቸው መደርደሪያ ነበር።

ስለዚህ በቤታችሁ ክርክሩ ሲነሳ ከዋጋው በፊት ወረቀት አውጡ። እያንዳንዱ ሰው ማየት የሚፈልገውን ሦስት ፊልም ይጻፍ፤ እናትም አባትም ጭምር። ደበበ እሸቱ የተወነበትን የባዚ ጌቴን «ቀይ ቅጠሎች» የሚጽፍ ይኖራል፣ የኃይሌን «ጤዛ» የሚጽፍ ይኖራል፣ ታናሽ ወንድማችሁ ደግሞ የመኪና ፊልም ይጽፋል። ከዚያ ዝርዝሩን ይዛችሁ በየአገልግሎቱ ፈልጉ፣ አባባ የሚያነቡት የግርጌ ጽሑፍ በምን ቋንቋ እንዳለም እዩ። በአንዱም ያልተገኘውን ፊልም ዲስኩ ያለው ዘመድ ወይም ጎረቤት ካለ ጠይቁ፤ ዲቪዲ ማጫወቻው ካልተጣለ።