ከዓድዋ ቁስለኞች እስከ መላ አካል ሲቲ ስካን

ቪልሄልም ሮንትገን የኤክስ ጨረርን ያገኘው በ1888 ዓ.ም. ነበር። በዚያው ዓመት የካቲት 23 ቀን የዓድዋ ጦርነት ተደረገ። ቆስለው ወደ ኔፕልስ ከተመለሱት የኢጣሊያ ወታደሮች መካከል በሁለቱ ክንድ ውስጥ የቀረውን ጥይት ሐኪሞች ፈልገው አጡት። በግንቦት ወር ወታደራዊው ሐኪም ጁሴፔ አልቫሮ ራጅ አንሥቶ ቦታውን አመለከተ። ራጅ ለጦር ቁስለኛ መዋል የጀመረው በዚህ ነው። ፊልሙ የጠቀመው እጅ መርምሮ ያልመለሰው አንድ ጥያቄ ስለነበረ ነው።

በ1964 ዓ.ም. የጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ ሲቲ ስካን ለንደን ውስጥ የመጀመሪያውን ሕመምተኛ ጭንቅላት አነሣ። መሣሪያው እየፈጠነ ሲሄድ ጉዳተኛን ከራስ እስከ ዳሌ በአንድ ጊዜ ማንሣት ተቻለ። በ2001 ዓ.ም. የ4,621 ጉዳተኞችን መዝገብ የመረመረ የጀርመን ጥናት ይህ አሠራር ከተሻለ የመትረፍ ዕድል ጋር መያያዙን ገለጸ። ይሁን እንጂ በ2008 ዓ.ም. በኔዘርላንድስና በስዊዘርላንድ ጉዳተኞችን በዕጣ መድቦ የተካሄደ ጥናት ውጤት ታተመ። በጥናቱ 1,083 ሰዎች ተነጻጽረው፣ መላ አካላቸው ከተነሣውም ሆነ እንደ አስፈላጊነቱ ተመርጦ ከተነሡት በሆስፒታል የሞቱት 16 በመቶ ሆኑ።

ለደሴ ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ የአሜሪካ አድቬንቲስት ሚሲዮን ሆስፒታልም ተመትቷል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደግሞ የደሴ ሆስፒታል መሣሪያዎች ተዘርፈዋል። መሣሪያ ሲገኝም ሲታጣም ጉዳተኛው ከሐኪሙ እጅ አይለይም።

ከኮምቦልቻ ወደ ሆጤ በሚያወጣው ጠመዝማዛ ዳገት መኪና ተገልብጦ ብዙ የአካል ክፍሉ የተጎዳ ወይም ራሱን የሳተ ሰው ቢመጣ፣ ደም ግፊቱ ከተረጋጋ የመላ አካል ሲቲ ተገቢ ሊሆን ይችላል። ነቅቶ የሚናገርና በምርመራ አንድ ቦታ ብቻ የሚያመው ግን ያ ቦታ ይነሣለት፤ በተለይ ሕፃናትና ወጣቶች ከአላስፈላጊ ጨረር ሊጠበቁ ይገባል። ደም እየፈሰሰው ግፊቱ የወደቀ፣ ፈሳሽና ደም ተሰጥቶትም ያልተመለሰ ጉዳተኛ ወደ ሲቲ ክፍል አይላክ። አልትራሳውንድ፣ የደረትና የዳሌ ራጅ አልጋው ዘንድ ይደረጉለት፤ ደሙም ሳይዘገይ ይቁም። ቀዶ ሕክምና በሌለበት ጤና ተቋምም ምስል ለማንሣት ሲባል ሪፈር ሊዘገይ አይገባም።