በጣሪያችን ላይ ያለው ዲሽ እና የኢብኑል ሀይሠም መስታወት



ደብረ ብርሃን ላይ ቀና ብላችሁ ጣሪያዎችን ተመልከቱ። ብዙ ዲሾች ሰማዩን ትተው የጎረቤት ግድግዳ ላይ ያፈጠጡ ይመስላሉ። ሲግናሉን የሚቀበለው ኤልኤንቢም ከዲሹ መሐል ፊት ለፊት ሳይሆን ከታች በኩል በወጣ ክንድ ላይ ተቀምጧል። ገጣጣሚው ተሳስቶ አይደለም። ከዚህ አቀማመጥ ጀርባ ረጅም ታሪክ አለ፤ የኛ ዑለሞችም በዚያ ታሪክ ውስጥ ድርሻ አላቸው።

ድርሻ ስንል ግን በልኩ ነው። «ቴሌስኮፕን የፈለሰፈው ኢብኑል ሀይሠም ነው» የሚል ጽሑፍ በየስልካችን ይዘዋወራል። ትክክል አይደለም። ቴሌስኮፕ የታወቀው በ1608 እ.ኤ.አ. በኔዘርላንድስ ነው። በበስራ ተወልደው በ1040 አካባቢ ካይሮ ያረፉት ኢብኑል ሀይሠም (ረሒመሁላህ) ሥራቸው ያልሆነ ነገር እንዲጨመርላቸው አያስፈልጋቸውም። የምናየው ብርሃን ከነገሮች ወደ ዓይናችን ስለሚገባ መሆኑን በሙከራ አስረድተዋል። ግሪኮች የጀመሩትንም ይዘው፣ ፓራቦላ ቅርጽ ያለው ጎድጓዳ መስታወት ትይዩ ሆነው የሚመጡ ጨረሮችን ሁሉ አንድ ነጥብ ላይ እንደሚሰበስብ ራሱን በቻለ ሪሳላ በሒሳብ አረጋግጠዋል።

ችግሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጨረሩ የሚሰበሰበው ከመስታወቱ ፊት ለፊት ነው። ለማየት ጭንቅላትህን እዚያ ብታስገባ ብርሃኑን ራስህ ትጋርዳለህ። ኒውተን በ1668 መሐል ላይ ትንሽ መስታወት አስቀምጦ ብርሃኑን ወደ ጎን አወጣው። ትንሿ መስታወትና መያዣዋ ግን የተወሰነ ብርሃን ይጋርዳሉ፤ ጠርዛቸውም ብርሃን ይበትናል። ሄርሼል በ1789 በጨረሰው ግዙፍ ቴሌስኮፕ ዋናውን መስታወት አዘንብሎ ሁለተኛውን ተወው። መጋረዱ ቀረ፤ ነገር ግን መስታወት ሲዘነብል ምስሉ ይዛባል።

የተሻለው መፍትሔ ይህ ነው፦ አንድ ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን አስቡ። ከታች ከመሐሉ ሳይሆን ከጎኑ ክብ ቁራጭ ቁረጡ። ቁራጩ አሁንም ብርሃኑን የሚልከው ወደ ትልቁ ሳህን ነጥብ ነው፤ ነጥቡ ግን ከሚመጣው ብርሃን መንገድ ወጥቷል። የሚጋርድ ነገር የለም። ዋጋው ድካም ነው፤ የቁራጩ ጉብጠት በየአቅጣጫው ስለሚለያይ መሞረድና መለካቱ ከባድ ነው። የጣሪያችን ዲሽ ከነዚህ ቁራጮች አንዱ ነው። ዝቅ ብሎ የሚያይ የሚመስለውም ሲግናሉ ከላይ መጥቶ ወደ ታች ወደ ኤልኤንቢው ስለሚነጥር ነው። በሃዋይ ሃሌአካላ ተራራ ላይ ያለው የኢኖዬ የፀሐይ ቴሌስኮፕ 4 ሜትር መስታወትም በዚሁ መንገድ ተሠርቷል፤ በደማቋ ፀሐይ አጠገብ ያለውን ደብዛዛ ነገር ለማየት የተበተነ ብርሃን ጠላት ነውና።

ይህ ነገር እኛንም ይመለከታል። የመጀመሪያው ምሽት ሂላልም ከፀሐይ አጠገብ፣ ገና ባልጨለመ ሰማይ ላይ ያለች ቀጭን ብርሃን ናት። በቴሌስኮፕ መታየቷ በሸሪዓ ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለው የዑለሞች ጉዳይ ነው፤ የተለያየ አቋምም አላቸው። ነገር ግን በየረመዷኑ በስልክ ከመነታረካችን በፊት መሣሪያው ምን እንደሚችል እንወቅ። ፈረንሳዊው ዳንዦን በ1930ዎቹ እንዳሰላው፣ ጨረቃ ከፀሐይ 7 ዲግሪ ገደማ ካልራቀች ሂላሏ አትታይም። ጥሩ መስታወት የተበተነ ብርሃን ይቀንሳል እንጂ የሌለ ሂላል አያመጣም። ደግሞም ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ሳትጠልቅ ቴሌስኮፕ ወደዚያ ማዞር ዓይን ያጠፋል።

ወንድሞችና እህቶች፣ እንጦጦ ላይ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል፤ ከደብረ ብርሃን የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይሞላም። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም በደጃችን ነው። ከአንኮበር እስከ አሊዩ አምባ ያለ ወጣት በኢብኑል ሀይሠም ስም ከመፎከር ይልቅ አንድ የፊዚክስ መጽሐፍ ቢጨርስ ለእሳቸው የበለጠ ክብር ነው። ያልሠሩትን ሠሩ ማለት ውሸት ነው፤ የሠሩትን አለማወቅ ደግሞ ኪሳራ ነው።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይወፍቀን። ወላሁ አዕለም።