ማዕበል ወለድ ኮረንቲ

በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ በክረምት ወራት መብራት በጠፋ ጊዜ ሕዝቡ መብረቅ ወረደ፣ ባሕር ዛፍ በሽቦው ላይ ወደቀ፣ ወይም ትራንስፎርመሩ ፈነዳ ይላል፤ አብዛኛውን ጊዜም እውነቱን ነው። ነገር ግን ከደመናም ከዛፍም ያልሆነ፣ መነሻው 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ በፀሐይ ላይ፣ መድረሻው ግን ከእግራችን በታች ባለው ዐለት ውስጥ የሆነ ሌላ የመብራት ጠላት አለ፤ ሊቃውንት በረጅም ስም የሚጠሩትን ይህን ነገር እዚህ ላይ ማዕበል ወለድ ኮረንቲ ብዬዋለሁ። ጅረት የሚለውን የትምህርት ቤት ቃል የተውኩት፣ ማዕበልና ጅረት ባንድነት ሲነበቡ ጎርፍ እንጂ ኤሌክትሪክ ስለማይታሰብ ነው፤ ኮረንቲን ግን ተይዞ የማያውቅ ሰው እንኳ ያውቀዋል።

ፀሐይ አንዳንድ ጊዜ ከአካሏ ቈርሳ የምትወረውረው፣ መግነጢስ ያደረበት ትኩስ ጋዝ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ያህል ተጕዞ ምድርን ሲመታ፣ ምድርን ከቦ የሚጠብቃት የመግነጢስ ኃይል ይናወጣል፤ ይህ መናወጥ መግነጢሳዊ ማዕበል ይባላል። እንግሊዛዊው ሊቅ ማይክል ፋራዴይ በ1823 ዓ.ም. እንደ ደረሰበት፣ መግነጢስ በተለዋወጠ ቍጥር በአጠገቡ ባለው ኮረንቲ አስተላላፊ ላይ የኤሌክትሪክ ግፊት ይወለዳልና፣ ምድርም ራሷ አስተላላፊ ስለ ሆነች በውስጧ በየኪሎ ሜትሩ በቮልት የሚለካ ግፊት ያድርባታል። ዐለቱ ኮረንቲን አላሳልፍ ያለ እንደ ሆነ፣ በጥቁር አፈር ማሳ ላይ የዘነበ ዝናብ ገበሬው ያወጣለትን ፈሰስ እንደሚከተል፣ ኮረንቲውም የቀናውን መንገድ መርጦ ወደ መሬት በተቀበረው በትራንስፎርመሩ የኧርዝ ሽቦ በኩል ይወጣና፣ በከፍተኛ ኃይል መስመር ሄዶ በሌላው ጫፍ ባለው ትራንስፎርመር ወደ መሬት ይመለሳል።

ጉዳቱ ከብዛቱ ይልቅ ከጠባዩ ነው። የቤታችን ኮረንቲ በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ሲሆን፣ ማዕበል ወለዱ ግን አቅጣጫውን የሚለውጠው በደቂቃዎች ስለ ሆነ ለትራንስፎርመሩ ቀጥተኛ ኮረንቲ ነው፤ በዘይት የተዘፈቀው የብረት ልቡ በአንድ ወገን መግነጢስ ይጠግብና ያጓራል፣ ይግላል፣ ቮልቴጁን ደግፎ ሊይዝ የሚገባውን ኃይል ይመጥጣል፣ የተበላሸ ሞገድም ወደ መስመሩ ይለቃል። መጋቢት 4 ቀን 1981 ዓ.ም. ሌሊት በካናዳ በኬቤክ ክፍለ ሀገር ይኸው የተበላሸ ሞገድ ቮልቴጅ የሚያረጉትን መሣሪያዎች ከሥራ ስላወጣቸው፣ ታላቁ የኃይል መረብ በ90 ሴኮንድ ገደማ ወድቆ 6 ሚሊዮን ሕዝብ 9 ሰዓት ያህል ያለ መብራት ቆየ። አስቀድሞም በ1851 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በእኛ አገር ዐፄ ቴዎድሮስ በነገሡበት ዘመን፣ ሪቻርድ ካሪንግተን የተባለ እንግሊዛዊ በፀሐይ ላይ ያየውን ብልጭታ ተከትሎ የመጣው ማዕበል የቴሌግራፍ ሠራተኞችን ኮረንቲ አስይዟል፤ በአሜሪካ ባትሪያቸውን ነቅለው በማዕበሉ ኮረንቲ ብቻ መልእክት የተላላኩም ነበሩ።

ኬቤክ ለዋልታ የቀረበች ናት፤ ጎጃምን ምን አገባው ይባል ይሆናል። ሆኖም ከምድር ወገብ የተለየ፣ የኮምፓስ መርፌ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያዘነብል ልክ የሚተኛበት የመግነጢስ ወገብ የሚባል መስመር በኢትዮጵያ ምድር ያልፋል፤ በእርሱም አንጻር፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ባለው አየር ውስጥ፣ ቀን ቀን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ኃይለኛ ኮረንቲ አለ፤ ፍኖተ ሰላምም ቡሬም ከሥሩ ናቸው። ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን አባ ፒየር ጉዊን በ1950 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የምድርን መግነጢስ የሚመዘግብ ጣቢያ ሲያቋቁሙ፣ አገሪቱን ተፈላጊ ያደረጋት ይኸው አቀማመጧ ነበር፤ ዛሬም በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ የቅኔውን ደብር የዋሸራን ስም የያዘ የኅዋ ምርምር ላቦራቶሪ አለ። በ2007 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናትም፣ የፀሐይ ነፋስ ድንገት ምድርን ሲገፋት የሚሆነው የመግነጢስ ለውጥ ከዚህ ኮረንቲ ሥር እንደሚበረታ አሳይቷል።

የሰማዩ ኮረንቲ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚፈስ፣ በመሬት ውስጥ የሚወልደውም ግፊት በዚያው በምሥራቅና በምዕራብ መካከል ይሆናል። ስለዚህ ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወርደው የ400 ኪሎ ቮልት መስመር በአመዛኙ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄድ በመሆኑ ዕድለኛ ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀው ከታላቁ የኅዳሴ ግድብ በደዴሳ በኩል ወደ ሆለታ የሚመጣው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር ግን ወደ ምሥራቅ ብቻ 370 ኪሎ ሜትር ያህል ይገሠግሣል። በየኪሎ ሜትሩ ግማሽ ቮልት ቢያድርበት 185 ቮልት ይሆናል፤ ይህ ከ500,000 ቮልት አጠገብ ከቁም ነገር የማይገባ ቢመስልም፣ የመስመሩ ተቃውሞ በጥቂት ኦም የሚቈጠር ስለ ሆነ በአሥሮች አምፔር የሚለካ ኮረንቲ በትራንስፎርመሩ ለማስኬድ ይበቃል። በቡሬ መንደር በምሰሶ ላይ የተሰቀለውን ትንሽ ትራንስፎርመር ግን ይህ ሁሉ አይነካውም፤ እርሱን የሚያቃጥለው ከዐቅሙ በላይ የሚጫንበት ምጣድና ወፍጮ ነው።

ከምድር ወደ ፀሐይ 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀው የቆሙ ሳተላይቶች ማዕበሉ ከመድረሱ ከ15 እስከ 60 ደቂቃ ያህል አስቀድመው ይናገራሉ፤ ይህም ጊዜ ለጥገና የወጣውን መስመር ለመመለስና የትራንስፎርመሮችን ጭነት ለማቅለል ያገለግላል። እኔ ብጠየቅ ግን ሥራውን የምጀምረው በሆለታ በኧርዝ ሽቦው ላይ የኮረንቲ መለኪያ በማሰር ነው፤ ዋጋው ከአንድ ትራንስፎርመር ዋጋ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነውና።